ዘፍጥረትን ከጠበቆቹ ማን ያስጥለው?

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ያናደዱኝ ግን የመጽሐፉ ጠላቶች አይደሉም። በዘፍጥረት ምዕራፍ አንድ የሚያላግጡትንማ ለምጃቸዋለሁ። «ፀሐይ የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በምን መሹ፣ በምን ነጉ?» ብለው ይጠይቁና ማንም ያላየውን ጉድ ያጋለጡ ያህል ይስቃሉ። ጥያቄውን ኦሪጀን በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶታል፤ ያውም መጽሐፉን ሲተረጉም ውሎ የሚያድር ክርስቲያን ሆኖ። እኔን የሚያበግኑኝ ጠበቆቹ ናቸው። መጽሐፉን ከሳይንስ ጋር አስታርቄ ከውርደት አድነዋለሁ ብለው ማይክሮፎን የሚጨብጡት።

በቅርቡ እግር ጥሎኝ እንዲህ ካለ ጉባኤ ገባሁ። ተናጋሪው ከረባቱ ያማረ፣ አንደበቱ የቀና ሰው ነው። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር አንድ ሠንጠረዥ አበራ። በግራ በኩል ቀን አንድ፣ ቀን ሁለት እያለ እስከ ስድስት ይወርዳል፤ በቀኝ በኩል ቢግ ባንግ፣ የምድር መቀዝቀዝ፣ የባሕር መፈጠር፣ ዓሣ፣ አጥቢ እንስሳ፣ ሰው። እያንዳንዱ ቀን በሚሊዮንና በቢሊዮን ዓመት ተተምኖለታል። «ሙሴ ይህን ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ተማረ?» ብሎ ሲጮኽ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ስልኩን አውጥቶ ሠንጠረዡን ፎቶ አነሣ። እኔ የመጨረሻውን ረድፍ እየፈለግሁ ነበር። ሰባተኛው ቀን የለም! ምዕራፉ ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ ሲንደረደርለት የቆየው ቀን፣ ሳይንሳዊ አቻ ስላልተገኘለት፣ ከነጭራሹ ተሰርዟል።

ሠንጠረዡ በራሱ ሚዛን ቢመዘን እንኳ ይወድቃል። በምዕራፉ ፍሬ የሚያፈሩ ዛፎች የሚበቅሉት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ዓሣ የሚመጣው በአምስተኛው። የቅሪተ አካል ተመራማሪ ቢጠየቅ ግን ዓሣ ፍሬ ከሚያፈራ ዛፍ በመቶ ሚሊዮኖች ዓመት እንደሚቀድም ይናገራል። በምዕራፉ ወፍ ከምድር አራዊት ትቀድማለች፤ በድንጋዩ መዝገብ የምድር እንስሳት ከወፍ ይቀድማሉ። ፀሐይ ደግሞ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያላት ናት፤ ምድር ከእሷ በፊት አልነበረችም። ይህ ሲነገራቸው ጠበቆቹ አንድ ብልሃት አላቸው፦ በአራተኛው ቀን ደመናው ተገልጦ ፀሐይ ታየች እንጂ አልተፈጠረችም ይላሉ። የቱ ደመና? ምዕራፉ ውስጥ ደመና የሚባል ነገር የለም። ጸሐፊው ያላስቀመጠውን ደመና ከኪሳቸው አውጥተው ሰማዩ ላይ ይዘረጉና መልሰው ይገልጡታል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላል ያገሬ ሰው።

የቢግ ባንግን ሐሳብ በመጀመሪያ ያቀረበው ጆርጅ ለሜትር ቤልጅየማዊ የካቶሊክ ቄስ ነበር። በ1951 እ.ኤ.አ. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ይህን ግኝት ከፍጥረት ትምህርት ጋር አቀራርበው ንግግር ሲያደርጉ ጭብጨባው ከየአቅጣጫው መጣ። ለሜትር ግን አልተደሰተም። ቄስም ሳይንቲስትም የሆነው ሰው ሁለቱ መንገዶች እንዲደባለቁ አልፈለገም። ዛሬ የእኛ አዳራሾች ባለቤቱ የሸሸውን ማስረጃ በፕሮጀክተር ያበራሉ።

ሌሎቹ ጠበቆች ደግሞ ቢሊዮኑን ጠልተው ዓለም የ6,000 ዓመት ዕድሜ አላት የሚሉት ናቸው። የክርክራቸው ጥይት በአብዛኛው የተቀዳው በ1961 እ.ኤ.አ. ዊትኮምብና ሞሪስ ስለ ጥፋት ውኃ በአሜሪካ ካሳተሙት መጽሐፍና እሱን ተከትሎ ከጎረፈው ጽሑፍ ነው። ከስድስቱ ሺህ ጀርባ የቆመው ቁጥር በ1650 እ.ኤ.አ. የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ያወጣው ስሌት ነው፤ ፍጥረት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት ሆነ የሚል። ይህን በአማርኛ ሲሰብክ የሚውለው ሰው የገዛ አገሩ ባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5,500 ዓመት እንደሚቆጥር ትዝ አይለውም። የ1,500 ዓመት ልዩነት በእጁ ይዞ «ቃሉ ግልጽ ነው» ይላል። ግልጽ የሆነለት የሰው አገር መጽሐፍ ነው።

ሁለቱ ጠበቆች እርስ በርስ ይጣላሉ እንጂ በሽታቸው አንድ ነው። ምዕራፉ ሪፖርት ነው ብለው ያምናሉ። የሚያላግጠውም ሰው እንደዚሁ ሪፖርት ነው ብሎ ያምናል፤ የእሱ ልዩነት ሪፖርቱ ተሳስቷል ማለቱ ብቻ ነው። ሦስቱም ለቅሶ ቤት ገብተው አልቃሿን «የሟቹን የላቦራቶሪ ውጤት አንብቢልን» የሚሉ ሰዎች ናቸው። እሷ ግን ግጥሟን እየደረደረች ነው፤ የሟቹን ማንነት የምትናገረው በድርደራው ነው።

እስቲ ድርደራውን እንየው። ምድር በመጀመሪያ ቅርጽ የላትም፤ ባዶም ናት። ሁለት ጉድለት ነው። ስድስቱ ቀናት ሁለቱን ጉድለቶች እኩል ይካፈላሉ። የፊተኞቹ ሦስት ቀናት ሥራ መለየት ነው፤ ብርሃን ከጨለማ፣ የላይኛው ውኃ ከታችኛው፣ የብስ ከባሕር። የኋለኞቹ ሦስት ቀናት ሥራ መሙላት ነው። በአንደኛው ቀን ብርሃን ሆነ፣ በአራተኛው ብርሃናት ተሾሙ። በሁለተኛው ውኃና ሰማይ ተለዩ፣ በአምስተኛው የውኃና የሰማይ ፍጥረታት ተገኙ። በሦስተኛው የብስ ተገለጠ፣ በስድስተኛው የብስ ላይ የሚመላለሱት መጡ። ሦስተኛውና ስድስተኛው ቀን እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሥራ ተሸክመዋል፤ ያኛው የብስንና ዕፅዋትን፣ ይኸኛው አራዊትንና ሰውን። ስምንት ሥራ ለስድስት ቀን ተደልድሏል ማለት ነው። ለምን ተጨናነቀ? ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ አንድ ቀን ቢሰጥ ምን ይጎዳ ነበር? ሰባተኛው ቀን ከሥራ ነጻ ሆኖ እንዲገኝ ተፈልጓል፤ ድልድሉ ሁሉ የተሠራው ለእሱ ነው።

ይህን ትይዩነት እኔ አልፈለሰፍሁትም። ጀርመናዊው ሄርደር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አይቶታል፤ ሆላንዳዊው ኖርድዚ በ1924፣ አሜሪካዊው ሜሬዲት ክላይን በ1958 እ.ኤ.አ. አስፋፍተው ጽፈውበታል። ሁለቱ የኋለኞቹ መጽሐፉን የእግዚአብሔር ቃል ነው ብለው የሚያምኑ ወግ አጥባቂዎች ነበሩ። ስለዚህ «ሥነ ጽሑፋዊ ንባብ የከሓዲዎች መንገድ ነው» የምትሉ እባካችሁ ሌላ ክስ ፈልጉ።

ፀሐይ በአራተኛው ቀን መምጣቷም በዚህ ንባብ ስሕተት መሆኑ ቀርቶ ቦታዋን ያገኘች ነገር ይሆናል። አራተኛው ቀን የአንደኛው ጓደኛ ነው። ጸሐፊው ብርሃንና ፀሐይ እንደሚገናኙ ያልገባው የዋህ አልነበረም፤ ከሁላችንም ይልቅ በፀሐይ ሥር ይዋል የነበረበት ዘመን ሰው ነው። አውቆ ነው ያለያያቸው።

ቁጥሩን ደግሞ ተመልከቱ። በዕብራይስጡ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሰባት ቃል ነው። ሁለተኛው 14 ነው። ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው ቀን ፍጻሜ የእግዚአብሔር ስም 35 ጊዜ፣ ምድር 21 ጊዜ ይጠራሉ። መልካም መሆኑ የሚመሰከረው ሰባት ጊዜ ነው። ስለ ሰባተኛው ቀን የሚናገረው ክፍል በራሱ 35 ቃል ነው፤ በውስጡ ሰባት ሰባት ቃል ያላቸው ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ሦስቱም ሰባተኛውን ቀን በስሙ ይጠሩታል። ይህን በዝርዝር ያሳየው በ1944 እ.ኤ.አ. ማብራሪያውን በኢየሩሳሌም ያሳተመው ጣሊያን ተወላጁ ኡምቤርቶ ካሱቶ ነው። ካሱቶ ረቢ ነበር። የቆጠረውም መጽሐፉ ከተለያዩ ምንጮች ተቀጣጥሎ የተሰፋ ነው የሚሉትን የጀርመን ሊቃውንት ለመሞገት ነው። ከእነሱ ጋር በሁሉም ነገር ተሳክቶለታል አልልም፤ ምዕራፍ አንድና ምዕራፍ ሁለት የተለያየ ድምፅ እንዳላቸው ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማል። የቆጠረውን ግን ማንም ተነሥቶ ሊቆጥረው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ኢቫን ፓኒን የሚባል ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሩሲያዊ ዕድሜውን ሙሉ በመጽሐፍ ቅዱስ ሰባቶች ሲፈልግ ኖረ። በ1997 እ.ኤ.አ. ማይክል ድሮስኒን የኦሪትን ፊደል እየዘለለ በመቁጠር የወደፊቱን ዘመን አነብባለሁ ብሎ ብዙ ሺህ ኮፒ ሸጠ። እኔ ከነዚህ ጋር በአንድ ገበታ አልቀመጥም። የእነሱ ቁጥር ተደብቆ ሊቅ የሚፈልግ ነው፤ የምዕራፉ ሰባት ግን አደባባይ የወጣ ነው። ሰባተኛ ቀን እያለ በጮኸ ጽሑፍ ውስጥ ሰባት መገኘቱ ኮድ መፍታት አያሻውም።

እንዲያውም ጸሐፊው ቁጥሩን ለመጠበቅ ምን ያህል እንደ ደፈረ የሚያሳይ አንድ ቦታ አለ። በሁለተኛው ቀን መልካም መሆኑ አልተመሰከረም። ስድስቱንም ቀናት ስናልፍ ሁለተኛው ብቻ ተዘልሏል፤ በሦስተኛው ቀን ሁለት ጊዜ ተመስክሯል። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው አይሁዳዊ ሊቅ ራሺ የሰጠው ምክንያት ያምራል፤ የውኃው ሥራ በሁለተኛው ቀን አላለቀም፣ በሦስተኛው ነው የተፈጸመው፣ ያላለቀ ነገር መልካም አይባልም። የግሪኩን ትርጉም የሠሩት ሰባ ሊቃናት ግን ክፍተቱን አልወደዱትም፤ በሁለተኛውም ቀን መልካም መሆኑን ጨመሩበት። የሁሉም ቀን እኩል ሆነ፣ ደስ አለ፣ ሰባቱ ግን ስምንት ሆነ። ጽሑፍን ያለ ቅርጹ ለማስተካከል የተነሣ ሰው ምን እንደሚያጠፋ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የዛሬዎቹ ባለ ሠንጠረዦች የነዚያ የልጅ ልጆች ናቸው፤ ልዩነቱ ሰባ ሊቃናት ግሪክና ዕብራይስጥ ያውቁ ነበር።

አራተኛውን ቀን ጠጋ ብለን እናንብበው፤ ምዕራፉ ጥርስ ያለው እዚህ ነው። ብርሃናቱ ቀንንና ሌሊትን እንዲለዩ ይታዘዛሉ፤ ለምልክትና ለዘመን፣ ለማብራት፣ ለመሠልጠን። ከዚያ ትእዛዙ ሲፈጸም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ማብራት፣ መሠልጠን፣ መጨረሻ ላይ ብርሃንን ከጨለማ መለየት። በመለየት ገብቶ በመለየት ይወጣል። መሐሉ ላይ ሁለቱ ታላላቅ ብርሃናት አሉ፤ ስማቸው ግን አይጠራም። ትልቁና ትንሹ ተብለው ብቻ ያልፋሉ። የዚያ ዘመን ጎረቤቶች ሁሉ ፀሐይንና ጨረቃን በስማቸው እየጠሩ ይሰግዱላቸው ነበር፤ እዚህ የተቀጠሩ መብራቶች ሆነዋል። ከዋክብትስ? በዕብራይስጡ ሁለት ቃል ብቻ ተወርውሮላቸዋል፤ ሊቀር ሲል ትዝ ያለ ነገር ይመስላሉ። ባቢሎን የከዋክብትን ጥንቆላ በ70 ገደማ የሸክላ ጽላት ጽፋ፣ የንጉሥን ዕድል ከሰማይ የምታነብብ አገር ነበረች። ብዙ ሊቃውንት ይህ ምዕራፍ ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ከፈረሰች በኋላ በምርኮ አካባቢ መልኩን እንደ ያዘ ያምናሉ። ቤተ መቅደሱ የተቃጠለበት፣ ንጉሡ በሰንሰለት የተጎተተበት ሕዝብ የድል አድራጊዎቹን አማልክት በሁለት ቃል ሲያልፍ አስቡት። ይህን ድፍረት ነው እናንተ የሥነ ፈለክ ሪፖርት ያደረጋችሁት!

ከዚህ ጋር ሌላም አለ። ከሰባቱ ቀናት አንደኛው ቀንንና ሌሊትን ያመጣል፤ መካከለኛው፣ አራተኛው፣ ዘመንንና በዓላትን ያመጣል፤ የመጨረሻው ሰንበትን። መጀመሪያውም መሐሉም መጨረሻውም ጊዜ ነው። ዘሌዋውያን 23 በዓላትን ሲዘረዝር ከሰንበት የሚነሣው በከንቱ አይደለም። በዘጸአት ከ25 እስከ 31 ባሉት ምዕራፎች እግዚአብሔር ስለ ድንኳኑ አሠራር ለሙሴ ሰባት ጊዜ ይናገራል፤ ሰባተኛው ንግግር ስለ ሰንበት ነው። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን በሰባት ዓመት ጨረሰ። ታቦት ሲወጣ መንገድ ለቅቆ የሚሰግድ፣ መቅደስና ቅድስት ምን እንደሆኑ በልጅነቱ የተማረ ያገሬ ምእመን ምዕራፍ አንድ ዓለምን እንደ መቅደስ እየደለደለ እንደሆነ ለመረዳት የውጭ አገር ፕሮፌሰር አያስፈልገውም ነበር።

ወደ ቤታችን ከገባን አይቀር፣ እዚህ ላይ ነው ንዴቴ የሚብሰው። የፍጥረትን ታሪክ በቁጥርና በድልድል ማንበብን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቅ መጽሐፍ በእጃችን አለ። መጽሐፈ ኩፋሌ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዕብራይስጥ ተጻፈ፤ ዕብራይስጡ ጠፍቶ በቁምራን ዋሻዎች ቁርጥራጩ ብቻ ተገኘ፤ ሙሉው የቀረው በግእዝ ነው። ኩፋሌ የስድስቱን ቀን ሥራ ይቆጥራል፤ ሰባት፣ አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አራት። ድምሩ 22። ከዚያ ከአዳም እስከ ያዕቆብ የነበሩት አበው 22 እንደሆኑ ይናገርና ሁለቱን ያገናኛል፤ 22ቱ ሥራዎች ወደ ሰንበት ያደርሳሉ፣ 22ቱ አበው ሰንበትን ወደሚጠብቀው ሕዝብ። ፍጥረትና ታሪክ በአንድ ቁጥር ተሰፍተዋል።

አሁን የእኛን የሥነ ፍጥረት ትምህርት አምጡ። እሑድ ስምንት፣ ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ ሦስት፣ ሐሙስ ሦስት፣ ዓርብ አራት። ስትደምሩት? 22! የኔታ የእሑዱን ከኩፋሌ አንድ አስበልጠው የማክሰኞውን አንድ አሳንሰው ያስተምራሉ፤ ድምሩን ግን አይነኩም። አራቱ ባሕርያት ገብተዋል፣ መላእክት ገብተዋል፣ ዝርዝሩ ተቀያይሯል፤ 22 ግን 22 ነው። ዝርዝሩ ቢቀያየርም ቅርጹ እንዳይፈርስ የሚጠነቀቅ ትምህርት ስለ ቅርጽ የሚያውቀው ነገር አለ። የትርጓሜ ጉባኤም «አንድም» እያለ ለአንድ ንባብ ሁለት ሦስት ምሥጢር ሲያወጣ የኖረ ጉባኤ ነው። ይህን ወርሶ ተቀምጦ አንድ ፍቺ ብቻ ያለው፣ ከአሜሪካ በፒዲኤፍ የወረደ ሠንጠረዥ የሚያበራ ሰው ሲያጋጥመኝ ምን ልበል? የአባቱን ርስት ሳያርስ የሰው ማሳ ላይ ቀን ሠራተኛ የሆነ ነው።

አባቶች በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልነበሩም፤ አንድ ቃል ነበሩ ብሎ የሚሰብክ ካለ አላነበበም። ባስልዮስ በ378 እ.ኤ.አ. ገደማ በዘጠኝ ስብከት ስድስቱን ቀናት ሲተረጉም ሣር ስል ሣር ማለቴ ነው የሚል ዓይነት ሰው ነው፤ ምሳሌ የሚያበዙትን ይቆጣል። አውግስጢኖስ ደግሞ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ተፈጥሮ ቀናቱ የዕውቀት ቅደም ተከተል ናቸው ወደሚል አዘነበለ፤ ክርስቲያኖችም ስለ ሰማይና ከዋክብት ያልገባቸውን ሲቀባጥሩ የማያምን ሰው እየሰማ እንደሚስቅባቸው አስጠንቅቋል። ሁለቱም ቅዱሳን ተብለዋል። ራሺ ራሱ የመጀመሪያው ጥቅስ የፍጥረትን ቅደም ተከተል ሊያስተምር እንዳልመጣ በግልጽ ጽፏል። ከዳርዊን ስንት መቶ ዓመት በፊት!

በእኔ በኩል የሚነሣውን ተቃውሞም አልሸሽም። ትይዩው ፍጹም አይደለም። ብርሃናቱ የተቀመጡት በሁለተኛው ቀን ጠፈር ላይ ነው እንጂ በአንደኛው ቀን ውጤት ላይ አይደለም። ዓሦቹ የሚሞሉት ባሕር ስም ያገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። እውነት ነው። የቅርጽ ወዳጆች ይህን ሲደብቁ እኔም እበሳጫለሁ። ግን ጥሩ ቅኔ ቤቱን ሲመታ አንዳንድ ጊዜ ይላላል፤ ልል ስለሆነ ቤት የለውም የሚል የለም። ሰው እንኳ የራሱ ቀን አልተሰጠውም፤ ከከብቱና ከአራዊቱ ጋር ስድስተኛውን ቀን ይጋራል። ከዚያም የሁለቱም ማዕድ ዕፅዋት ብቻ ነው፤ ሥጋ የሚፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ፣ በምዕራፍ ዘጠኝ ነው። (ሁዳዴን የሚያማርር ሁሉ የመጀመሪያው የዓለም ምግብ ዝርዝር የጾም እንደነበር ይወቅ።)

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ከዘጸአት 20 የሚመጣ ነው። ዐሥርቱ ትእዛዛት ሰንበትን ሲያዝዙ እግዚአብሔር በስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው ማረፉን ምክንያት ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ቀናቱ ባለ 24 ሰዓት ናቸው ይሉኛል። እሺ፣ ወደ ዘዳግም 5 እንሂድ። ያው ትእዛዝ፣ ያው ሙሴ፣ ያው ሕዝብ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በግብፅ ባሪያ ነበርህ፣ እግዚአብሔር አወጣህ፣ ስለዚህ ዕረፍ። ፍጥረት አልተጠራም። ሁለቱን ምክንያቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ መጽሐፍ ስለ ሰዓት ቆጠራ የሚጨነቅ አይደለም። የሚጨነቅለትን ነገር በሁለቱም ቦታ ዘርዝሮታል፤ ልጅህ፣ ሎሌህ፣ ገረድህ፣ ከብትህ፣ በደጅህ ያለው እንግዳ።

ይህ ደግሞ በባቢሎን ፊት ሲቆም ነው ክብደቱ የሚታየው። ጆርጅ ስሚዝ በ1876 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስተዋወቀው፣ ከነነዌ ፍርስራሽ የወጣው የባቢሎን የፍጥረት ግጥም፣ ኤኑማ ኤሊሽ፣ ሰባት ጽላት አለው። አምላኩ ማርዱክ እንስት አምላክ ቲያማትን ይገድላል፤ ከሬሳዋ ሰማይን ይሠራል፤ ከዚያ ከተገደለው ከኪንጉ ደም ሰው ይፈጠራል። ለምን? አማልክቱ ከሥራ እንዲያርፉ። እዚያ ሰው የተፈጠረው ሌላው እንዲያርፍ እንዲለፋ ነው። በዘፍጥረት ደም የለም፣ ሬሳ የለም፣ ጦርነት የለም፤ ዐሥር ጊዜ መናገር ብቻ አለ፤ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ፈጣሪ ዕረፍቱን እስከ ገረዲቱና እስከ በሬው ድረስ ያወርዳል። ስምንቱ ሥራ በስድስት ቀን የተጨናነቀው ለዚህ ቀን ቦታ ለማስለቀቅ ነበር።

ስለዚህ በሰዓት ብዛት በሚፋጁት ሰዎች ትዕግሥት አጣሁባቸው። አንድ ቅዳሜ ማታ በአንድ ወዳጄ ቤት ሦስት ሰዎች ስድስቱ ቀናት 24 ሰዓት ናቸው አይደሉም እያሉ እስከ እኩለ ሌሊት ሲከራከሩ ተቀምጬ ሰማሁ። ዕብራይስጥ ተጠቀሰ፣ ናሳ ተጠቀሰ፣ ጠረጴዛ ተመታ። ራቱን ያቀረበችው፣ ቡናውን እስከ በረካ ያፈላችው፣ ዕቃውን ያጠበችው የቤት ሠራተኛ በሩ አጠገብ ቆማ እንግዶቹ እስኪሄዱ ትጠብቃለች። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እግሯ ላይ ነች፤ በማግሥቱም በዚያው ሰዓት ትነሣለች። የቤቱን ጌታ፣ ከሦስቱ ተከራካሪዎች ድምፁ የበረታውን፣ የዕረፍት ቀኗ መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እሷማ እንደ ልጃችን ናት፤ ምን ዕረፍት ያስፈልጋታል?» አለኝና ወደ ሰዓቱ ክርክር ተመለሰ።